ዳይናሚክ ብሎክ አስቸገረን ላላችሁ፦ ጥያቄና መልስ

ሰላም ጀመዓ፣ እንዴት አመሻችሁ። እንደተባባልነው ዛሬ የኦቶካድ (የፕላን መሳያ ሶፍትዌሩ) ዳይናሚክ ብሎክ፣ ማለትም አንዴ ተሰርቶ መጠኑና ቅርጹ እየተሳበ ሚቀየር ስዕል፣ ጥያቄ ብቻ ነው ምመልሰው፣ ክራክ ላክልን ያላችሁኝን ዘልያችኋለሁ አትቀየሙኝ። ጥያቄው ባብዛኛው የበርና የመስኮት ነው። ከደሴም ከኮምቦልቻም ከወልድያም መጥቷል፣ መብራት እስካለ እንሄዳለን።

ጥ (ከደሴ)፦ የበር ብሎክ ሰርቼ ከ90 ወደ 80 ስስበው ክፍተቱ ይጠብባል፣ መዝጊያው ግን እዛው 90 ላይ ይቀራል፣ አርኩም (የበሩ መዞሪያ ቅስት) አይነቃነቅም። ምኑን ነው ያበላሸሁት?

መ፦ አብሽር ወንድምዓለም፣ በር የሰራ ሰው ሁሉ እዚች ጋ ይቆማል። ስትሬች አክሽን (ሲሳብ ሚለጥጠው ትእዛዝ) ሁለት ነገር ነው ሚጠይቅህ፣ መጀመሪያ ፍሬሙን (ሚለጠጠውን ቦታ ሚከበውን ሳጥን) ከዛ ኦብጀክቶቹን (መስመሮቹን)፣ እኛ ደግሞ ፍሬሙን ከሳልን ያለቀ ይመስለንና ኢንተር ኢንተር ብለን እንወጣለን። የተመረጠ ሆኖ ፍሬሙን ሚያቋርጥ መስመር ይለጠጣል፣ ተመርጦ ሙሉ በሙሉ ፍሬሙ ውስጥ ያለ ሳይለጠጥ ይንቀሳቀሳል፣ ፍሬሙ ውስጥ ሆኖ ያልተመረጠ ግን ንቅንቅ አይልም፣ ተመርጦ ከፍሬሙ ውጪ የቀረ ደግሞ ሳይለጠጥ ይንቀሳቀሳል። ዳይናሚክ ብሎክ አልሰራ ሲለኝ ሌላ ነገር ከመንካቴ በፊት ማየው ይሄንን ነው፣ ምን ተመርጧል፣ ፍሬሙስ የት ድረስ ነው።

ወዳንተ በር ስንመጣ፣ ክፍተቱ ሚጠበው ወደ ጎን ነው፣ መዝጊያው ግን ተከፍቶ ስለተሳለ ወደ ላይ ነው የቆመው፣ ስለዚ አንድ ስትሬች ለሁለቱም አይሆንም። ሊኒየር ፓራሜትሩን (ሚቀየረውን ርዝመት ሚይዘውን) ከማጠፊያው አስነስተህ ክፍተቱን ለካበት፣ ከዛ ለመዝጊያው ለብቻው ሁለተኛ ስትሬች ከዛው ፓራሜትር ከዛው ከሚሳበው ጫፍ ጋ ታያይዛለህ፣ ፍሬሙ የመዝጊያውን የላይኛውን ጫፍ ብቻ ይያዝ፣ ፕሮፐርቲስ ውስጥ ገብተህ አንግል ኦፍሴት ላይ 90 ትሞላለህ፣ በሩ ወደ ታች ሚከፈት ከሆነ 270። ይሄኔ ጫፉን ወደ ጎን 10 ስትገፋው መዝጊያው ወደ ላይ 10 ያድጋል። አርኩን በስትሬች አትነካካው፣ ስኬል አክሽን ስጠውና ቤዝ ታይፑን ኢንዲፔንደንት አድርገህ ነጥቡን ማጠፊያው ላይ አስቀምጥለት።

ሌላ ሳልረሳው፣ ዲስታንስ ታይፑን ሊስት አድርገህ 70፣ 80፣ 90 ብቻ አስገባ (በሳንቲም ምትስል ከሆነ ማለቴ ነው)። ካልሆነ አንድ ቀን እጅህ ይንሸራተትና 83.6 ሳንቲም በር ይዘህ አናጺ ፊት ትቆማለህ።

ጥ (ከኮምቦልቻ)፦ ፓራሜትሩ አጠገብ ቢጫ ነገር ላይ ቃለ አጋኖ ይታየኛል፣ ኤረር ነው?

መ፦ አይደለም እህቴ፣ ፓራሜትሩ አክሽን አልተሰጠውም እያለሽ ነው። ቪዚቢሊቲ (የቱ ስዕል እንዲታይ ሚመረጥበት)፣ አላይንመንትና ቤዝ ፖይንት አክሽን አይፈልጉም፣ ሌሎቹ ይፈልጋሉ። በዛው በአንድ በኩል ብቻ ሚሳብ ከሆነ ነምበር ኦፍ ግሪፕስን 1 አድርጊው፣ ስራ የሌለው ቀስት ተንጠልጥሎ ባይቀር ጥሩ ነው።

ጥ (ከወልድያ)፦ በሩን ፍሊፕ ሳደርገው (ስገለብጠው) ስዕሉ ይገለበጣል፣ የስትሬቹ ቀስት ግን በድሮው ቦታ ይቀራል፣ ከዛ ስስበው ሁሉ ነገር ይበታተናል።

መ፦ ፍሊፕ አክሽኑን ስትሰራ መስመሮቹን ብቻ ነዋ የመረጥከው። ፓራሜትሮቹንና አክሽኖቹንም ጨምረህ ምረጥ፣ እነሱም መገልበጥ አለባቸው። አክሽኑን አጥፍተህ እንደገና መስራት አይጠበቅብህም፣ አክሽኑ ላይ ራይት ክሊክ ስትል ኦብጀክት ለመጨመር ሚሆን ምርጫ አለ።

ጥ (ከሐይቅ)፦ ኔት ላይ ያገኘሁትን የመስኮት ብሎክ ሳስገባው የጦሳን ተራራ ሚያክል መስኮት መጣብኝ። በእጅ ስኬል እያደረግኩ ነው፣ ሌላ መላ የለውም?

መ፦ መላ አለው። ኢንስዩኒትስ ብለህ ጻፍ፣ 4 ሚሊሜትር ነው፣ 5 ሳንቲሜትር፣ 6 ሜትር። የወረደው ብሎክ በሚሊሜትር ተስሎ ያንተ ፋይል ሜትር ሆኖ ዩኒቱ በትክክል ካልተነገረው 1000 እጥፍ ሆኖ ነው ሚገባው፣ ልዩነቱ 25.4 እጥፍ ከሆነ ደግሞ ኢንች አለበት ማለት ነው። ሁለቱም ፋይል ላይ ትክክለኛውን ዩኒት ስጥና እንደገና አስገባው። ኢንስዩኒትስን መቀየር ቀድሞ የገባውን አያስተካክልም፣ አዲስ ለሚገባው ብቻ ነው። በእጅ ስኬል ማድረጉን ግን ተው፣ ፕሮፐርቲስ ላይ ሚነበበው ስፋት ሌላ መሬት ላይ ያለው ሌላ ይሆንና ስኬጁል (የበርና መስኮት ዝርዝር) ስታወጣ ጉድ ይፈላል።

ጥ (ከኮምቦልቻ፣ ሼድ ምትሰራ ልጅ)፦ የሼድ ርዝመት ስስብ ኮለኖቹ በየ6 ሜትሩ ራሳቸው እንዲጨመሩ ፈልጌ አሬይ አክሽን (እየደጋገመ ሚደረድረውን) ሰጠሁት፣ ይጨምራል ግን የመጨረሻው ኮለን ጫፍ ላይ አያርፍም።

መ፦ አሬዩ ልክ ነው እህቴ፣ ነጻ የሆነው ርዝመቱ ነው። 6 ለ6 እየቆጠረ ይሄዳል፣ አንቺ 40 ሜትር ላይ ስታቆሚው 36 ላይ ተክሎ ቀሪውን 4 ይተወዋል። ሊኒየር ፓራሜትሩ ላይ ዲስታንስ ታይፑን ኢንክሪመንት አድርጊና 6 ስጪው፣ መነሻ ርዝመቱም የ6 ብዜት ይሁን፣ ከዛ 36 ወይ 42 እንጂ 40 ላይ አይቆምልሽም። ባለቤቱ የግድ 40 ካለ ስፓኑን ራሱን ቀይሪ፣ 8 ቦታ በ5 ሜትር ማለት ነው፣ እሱን ግን ከስትራክቸር ሰውየው ጋ ተነጋግረሽ።

ጥ፦ የመስኮት ኮድ ሚጻፍበት አትሪቢዩት ብሎኩ ሲሳብ አብሮ አይሄድም፣ አክሽኑ ውስጥ ልጨምረው ስልም አይቀበለኝም።

መ፦ አትሪቢዩቱ ላይ ሎክ ፖዚሽን የስ ካልሆነ የትኛውም አክሽን አይቀበለውም። እሱን የስ አድርግና ጨምረው። ስትወጣ አትሲንክ ሚለውን ኮማንድ ካላልክ የቀድሞዎቹ ብሎኮች ላይ ላይታይህ ይችላል፣ ግን ተጠንቀቅ፣ አትሲንክ በእጅህ ያንቀሳቀስካቸውን ጽሁፎች ወደ ቦታቸው ይመልሳቸዋል።

ጥ፦ ሉክአፕ ቴብል (መጠን ከዝርዝር ሚመረጥበትን ሰንጠረዥ) ሞልቼ ጨረስኩ፣ ስነካው ግን ሚመረጥ ዝርዝር አይመጣም።

መ፦ ቴብሉ ግርጌ ላይ ሪድ ኦንሊ ይላል፣ አላው ሪቨርስ ሉክአፕ ወደሚለው ቀይረው። እምቢ ካለ ሁለት ረድፍ አንድ አይነት ሆኗል ማለት ነው፣ ኦዲት ሚለውን ብትነካው ያሳይሃል።

ጥ፦ ብሎኩን አንድ ፋይል ላይ አስተካክዬ ሌላው ፋይል ላይ ድሮው ሆኖ ቀረ።

መ፦ እያንዳንዱ ፋይል የራሱን ኮፒ ነው ሚይዘው፣ አንዱን ስትቀይር ሌላው አይሰማም። አዲሱን ስታስገባ ይተካ ወይ ብሎ ሚጠይቅህ ላይ እሺ በል፣ የገቡት ሁሉ ይቀየራሉ።

ጥ (ጋሼ አንድ፣ ከደሴ)፦ ልጄ፣ በሩንም መስኮቱንም ሳኒተሪውንም አንድ ብሎክ አድርጌ በቪዚቢሊቲ እየመረጥኩ ልጠቀም አስቤ ነበር፣ ምን ይመስልሃል?

መ፦ ጋሼ እኔ አልመክርዎትም። አንድ ብሎክ ውስጥ ቪዚቢሊቲ ፓራሜትር አንድ ብቻ ነው ሚፈቀደው፣ ስለዚ የበሩ አይነት፣ የመስኮቱ አይነት፣ የመጸዳጃው አይነት ሁሉ አንድ ዝርዝር ውስጥ ይገባና 30 ስም ሆኖ ያርፈዋል፣ አንዱን ለማረም ሲገቡ ሌላው ይነካል። በር ለብቻው፣ መስኮት ለብቻው ያድርጉት፣ ባለ ኤልቲዜድ ብረቱንና አሉሚኒየሙን መስኮት አንድ ላይ በቪዚቢሊቲ ቢለዩ እሱ ያምራል። ኤዲት ሲያደርጉ ቢቪሞድን 1 ካሉት የተደበቁት ደብዘዝ ብለው ይታዩዎታል፣ ምን ምኑ ላይ እንዳለ ለማየት በጣም ይረዳል።

ጥ፦ በሮቹን ሚቆጥር ሊስፕ (ኦቶካድ ላይ ሚጫን ትንሽ ፕሮግራም) አለኝ፣ ዳይናሚክ ሲሆኑ ግማሹን አይቆጥርም።

መ፦ ብሎኩን ከመነሻው ስትቀይረው ኦቶካድ ውስጥ ውስጡን ኮከብና ዩ ካለበት ቁጥር ጋ ሌላ ስም ይሰጠዋል፣ ሊስፕህ በስም ስለሚፈልግ የተሳቡት ያመልጡታል፣ ያልተነኩትን ብቻ ነው የቆጠረልህ። ኮከብ ዩዎቹንም አብሮ እንዲሰበስብና ኢፌክቲቭ ኔም ሚለውን እንዲያይ አድርገህ አስተካክለው። 2022 እና ከዛ ወዲህ ያለው ካለህ ግን ካውንት ሚባል ኮማንድ መጥቷል፣ ሊስፑን እርሳው።

ጥ፦ ዳብል ክሊክ ሳደርግ ብሎክ ኤዲተር አይከፈትልኝም።

መ፦ አትሪቢዩት ካለው ዳብል ክሊኩ ሚከፍተው የአትሪቢዩቱን መሙያ ነው፣ ቢኤዲት ብለህ ጻፍ። እሱም ካልከፈተ ብሎክኤዲትሎክን 0 አድርገው።

ጥ፦ የኛ ግቢ ግድግዳ ሁሉ ጠማማ ነው፣ በሩን ባስገባሁ ቁጥር ሮቴት ማድረግ ሰለቸኝ።

መ፦ ደሴ ተዳፋት ላይ ቀጥ ያለ ግቢ ከየት ይመጣል ብለህ ነው። አላይንመንት ፓራሜትር ጨምርበት፣ ግድግዳው መስመር ላይ ስታስጠጋው ራሱ ይዞራል።

ጥ፦ ኤልቲ (ቀለል ያለው ኦቶካድ) ነው ያለኝ፣ ይሄ ሁሉ ይሰራልኛል?

መ፦ ይሰራልሃል። ኤልቲ ላይ ማትችለው ፓራሜትሪክ ኮንስትሬይንት መፍጠር ነው፣ ዛሬ ያወራናቸው የብሎክ አሰራሮች ግን (ሊስፑን ሳይጨምር) በፓራሜትርና በአክሽን ሚሰሩ ናቸው።