ቤቱ ለሚዞርብሽ እህቴ፦ ሁሉ ነገር ከአርትራይተሱ አይደለም

እህቴ፣ ጥያቄሽን አየሁት። «ሩማቶይድ አርትራይተስ ካለብኝ ቆይቷል። ሰሞኑን ደግሞ አልጋ ላይ ስገላበጥ ቤቱ ይዞርብኛል። ሐኪሜ ከዚያው ከበሽታሽ ነው አለኝ። ከዚህ ጋር እንዴት ነው የሚኖረው?» ብለሻል። ብዙ ሰው አይዞሽ ብሎሻል፣ ደግ አድርገዋል። እኔ ግን ትንሽ ቆጣ ብዬ ነው የምጽፍልሽ። «ከበሽታሽ ነው» የምትለዋን ነገር ስሰማ ደሜ ይፈላል።

እኔም እንዳንቺው ነኝ፤ የሰውነት መከላከያ የገዛ መገጣጠሚያን የሚያጠቃበት ይሄው በሽታ አለብኝ። ጠዋት ጣቶቼ እሺ አይሉኝም፣ በሳምንት አንዴ ሜቶትሬክሴት እወስዳለሁ፣ ሲብስብኝ ፕሬድኒሶሎን የሚባለው ስቴሮይድ ይጨመርልኛል። ስለ አርትራይተሱ የምነግርሽ የለም፤ ከኔ እኩል ታውቂዋለሽ። በቀጥታ ወደ ማዞሩ ልግባ።

1ኛ፦ ሐኪም ጋ ከመሄድሽ በፊት ማዞሩን ራስሽ ሰልዪው። ምን ስታደርጊ ጀመረ? ምን ያህል ቆየ? ጆሮሽ አብሮ ምን ሆነ? ይህን በወረቀት ያዢ። «ያዞረኛል» ብቻ ብለሽ ከገባሽ ደም ማነስ ነው፣ ጭንቀት ነው ተብለሽ ትወጫለሽ። ስትገላበጪ ወይም ከላይ ዕቃ ለማውረድ ቀና ስትይ የሚጀምርና አንድ ደቂቃ ሳይሞላ የሚተው ከሆነ፣ ብዙውን ጊዜ የውስጥ ጆሮ ጠጠር ነው። ሁላችንም ጆሮ ውስጥ ከካልሲየም ካርቦኔት የተሠሩ ደቃቅ ጠጠሮች አሉ። ከቦታቸው ተላቀው ፈሳሽ ወዳለባቸው ጠመዝማዛ ቱቦዎች ሲገቡ፣ አንቺ ዝም ብለሽ ተኝተሽ አንጎልሽ እየተሽከረከርሽ ነው የሚል ወሬ ይደርሰዋል። ከተኛሽበት ብድግ ስትይ ብቻ ጭው ብሎ ዓይንሽ የሚጨልም ከሆነ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ግፊትሽን ተኝተሽም ቆመሽም ይለኩልሽ። ለሰዓታት የሚያሽከረክር፣ ጆሮ የሚደፍንና የሚያስጮኽ ከሆነ ሜኒየር የሚባለው የውስጥ ጆሮ በሽታ ይጠረጠራል። ለቀናት ሳያቋርጥ ከዞረ የሚዛን ነርቭ ተቆጥቶ ሊሆን ይችላል።

በሽታችን ራሱ በዋናነት የሚጠረጠርበት ሁኔታም አለ፤ አልክድም። የሁለቱም ጆሮ መስማት በሳምንታትና በወራት ውስጥ እየቀነሰ ከሄደ፣ የሰውነት መከላከያው የውስጥ ጆሮን እያጠቃ ሊሆን ይችላል። ማኬብ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም በ1979 እ.ኤ.አ. ነው ይህን በሽታ ለይቶ የጻፈው። በጊዜ ከተደረሰበት በስቴሮይድ ሊሻሻል ይችላል። ስለዚህ መስማትሽ ከቀነሰ ቀጠሮ አትጠብቂ። በድንገት ከጠፋ ደግሞ ያኑ ዕለት ሂጂ።

2ኛ፦ አስተኝተው ዓይንሽን ሳያዩ «ምክንያቱ ታውቋል» ካሉሽ አትቀበዪ። ዲክስና ሆልፓይክ የተባሉ ሐኪሞች በ1952 እ.ኤ.አ. ያሳወቁት ምርመራ አለ። ማሽን አይፈልግም፣ ደቂቃዎች ብቻ ነው የሚወስደው። ጭንቅላትሽን ወደ ጎን አዙረው በፍጥነት ያስተኙሽና ዓይንሽን ያያሉ። ጠጠሩ ካለ ዓይንሽ ያለ ፈቃድሽ ይርገበገባል። ኤምአርአይ ጠጠሩን አያሳይም፤ ለዚህ ብቻ ብለሽ ገንዘብሽን አታውጪ።

የኔው ሐኪም ይህን አላደረገም። ፋይሌ ወፍራም ነው፤ ወፍራም ፋይል ያለው ሰው መከራው ይሄ ነው። አዲስ የመጣ ሕመም ሁሉ በአሮጌው ዕዳ ላይ ይመዘገብበታል። ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም። «አርትራይተስ አለብሽ አይደል? ከሱ ነው፣ ልመጂው» አለኝ። ወደ አንገት በላይ ላኩኝ ስለው «ምን ያደርግልሻል?» አለ። በመጨረሻ የላከኝ በር ላይ ቆሜ አልወጣም ስላልኩ ነው። ለትሕትና ጊዜ አልነበረኝም። አንቺም አይኑርሽ።

3ኛ፦ የማዞር ኪኒን። ሲናሪዚን፣ ሜክሊዚን፣ ፕሮክሎርፔራዚን፤ ስማቸው ብዙ ነው። ኃይለኛ ማዞርና ማስመለስ ሲኖር ለጥቂት ቀናት ያሳርፋሉ። ለወራት ሲወሰዱ ግን አንጎል ራሱን እንዳያስተካክል ያዘገዩታል። ጠጠሩንም ከቦታው አያነሱትም። ለኔ ሲናሪዚኑ እንደ ቋሚ መድኃኒት ነበር የተጻፈልኝ። ቀኑን ሙሉ እንቅልፍ፣ አፌ ደረቅ። ከአርትራይተሱ ጋር ሾግረን የሚባለው በሽታ ያለባችሁማ፣ ዓይንና አፋችሁ ቀድሞም የደረቀ ነውና እንዲያውም ይብስባችኋል። ኪኒኑን እስከ መቼ እንደምትወስጂው ጠይቂና ቀኑ ይጻፍልሽ።

4ኛ ልል ነበር፤ ግን ይሄኛው ከሁሉም ይበልጣል። አንገትሽ!

ለጠጠሩ የሚደረገው ሕክምና ኤፕሊ ይባላል። ጆን ኤፕሊ በ1992 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ዘዴ ነው። ጭንቅላትን በተራ በተራ እያዞሩ ጠጠሩን ወደ ነበረበት መመለስ ነው። ለብዙ ሰው በጣም ጥሩ ነው። ችግሩ፣ ምርመራውም ሕክምናውም በተለመደው አሠራር አንገትን ወደ ኋላ ዘንበል ያደርጋል። የኛ በሽታ ደግሞ የላይኛዎቹን ሁለት የአንገት አጥንቶች የሚያያይዘውን ጅማት ሊበላው ይችላል። ጅማቱ ከላላ አጥንቱ ይንሸራተትና ኅብለ ሰረሰርን ይጫናል። ይህን እኔ ያወቅሁት ድሮ ለሌላ ቀዶ ሕክምና ስዘጋጅ የማደንዘዣው ባለሙያ አንገቴን ፎቶ ካላየሁ ብሎ ስላስረዳኝ ነው። እድሜ ይስጠው።

እና አንገት በላይ ገባሁ። አልጋው ላይ አስቀመጡኝ፣ ሐኪሙ ጭንቅላቴን በሁለት እጁ ያዘ። «ዶክተር፣ ይቅርታ፣ ሩማቶይድ አለብኝ። አንገቴ በቅርብ አልታየም፣ ፎቶ ልነሳና ይቀጥሉ» አልኩት። እጁን አነሳ። «ሐኪሙ አንቺ ነሽ ወይስ እኔ?» አለኝ። አብረውት የነበሩት ተማሪዎች ሳቁ። «እርስዎ ነዎት፤ አንገቱ ግን የኔ ነው» አልኩት። ካርዴን ወደ ጫፍ ገፋ አድርጎ «ለምርመራ ፈቃደኛ አይደለችም» ብሎ ጻፈበት። ይቺ ጽሑፍ ምን ያህል እንዳስለፋችኝ! ከዚያ በኋላ በሄድኩበት ሁሉ መጀመሪያ የሚነበበው እሷ ነበረች። አስቸጋሪ ታካሚ ሆንኩ። የመገጣጠሚያ ሕክምናው ክፍል፣ ሩማቶሎጂ፣ ወደ አንገት በላይ ይልከኛል፣ አንገት በላይ ወደ ሩማቶሎጂ ይመልሰኛል። እኔ መሀል ላይ ግድግዳ ይዤ እሄዳለሁ።

በኋላ ፎቶውን ተነሳሁ። ተራ ፎቶ አይደለም፤ አንገትን ወደ ፊት አጎንብሶ አንድ፣ ወደ ኋላ ቀና ብሎ ሌላ ነው። ሁለቱን የሚያወዳድሩት አጥንቶቹ መሀል ያለውን ክፍተት ለማየት ነው። በአዋቂ ሰው ከ3 ሚሊሜትር በላይ ከሆነ ያሳስባል። የኔው በልጦ ተገኘ። ውጤቱን ይዤ ያው ሐኪም ጋ መመለሴን አልደብቅሽም። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለትና ቆምኩ። አየው፤ ይቅርታ የሚባል ነገር አልወጣውም፤ ግን ከዚያ በኋላ «እርስዎ» እያለ ነው ያናገረኝ። ይበቃኛል።

ጠጠሩን ከቱቦው ያወጣችልኝ አንዲት ፊዚዮቴራፒስት ናት። አንገቴን ሳትነካ የአልጋውን ራስጌ ዝቅ አድርጋ፣ እኔን በሙሉ ሰውነቴ ከጎን ወደ ጎን እያገላበጠች። እያንዳንዱ አቀማመጥ ላይ ማዞሩ እስኪያልፍ ጠበቀችኝ። ስለዚህ ስትሄጂ «አንገቴን ወደ ኋላ ሳያጥፉ የሚሠራበት መንገድ አለ?» ብለሽ ጠይቂ። አለ። በቪዲዮ አይተሽ ብቻሽን ቤት ውስጥ እንዳትሞክሪው። በተለይ የጭንቅላትሽ የኋላ ሥር የሚያምሽ፣ እጅሽ የሚደነዝዝ ወይም አንገትሽን ስታጎነብሺ ጀርባሽ ላይ ኤሌክትሪክ የሚወርድ የሚመስልሽ ከሆነ፣ ማንም ጭንቅላትሽን ከመንካቱ በፊት ተናገሪ።

የቀሩትን ቶሎ ቶሎ ልበል። ፕሬድኒሶሎን በየቀኑ የምትወስጂ ከሆነና ማዞሩ ካስመለሰሽ፣ ኪኒኑም አብሮ ወጥቶ ሊሆን ይችላል። ሰውነትሽ የራሱን ተመሳሳይ ሆርሞን ማምረት ቀንሶ ሊሆን ስለሚችል መድኃኒቱ ድንገት ሲቋረጥበት አደገኛ ነው። ሆድሽ አልይዝ ካለ ፈጥነሽ ሐኪም ጋ ድረሺ፤ በመርፌ ሊሰጥሽ ይችላል። «ማዞሩ ከመድኃኒቱ ነው» ብለሽም በራስሽ አታቁሚው።

ይኸው ፕሬድኒሶሎን አጥንት ያሳሳል። ስለዚህ ለኛ መውደቅ ከሌላው ሰው ይከፋል። ሌሊት ስትነሺ መብራት ይኑር፤ አልጋው ጠርዝ ላይ ትንሽ ተቀምጠሽ ተነሺ። ቫይታሚን ዲሽን አስለኪ። ኮሪያ ውስጥ ተሠርቶ በ2020 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት፣ ቫይታሚን ዲ ያነሳቸው ሰዎች ከካልሲየም ጋር ሲወስዱት የጠጠሩ ማዞር ዳግም መምጣት እንደቀነሰ አሳይቷል። የኔውም አንሶ ነበር። ጠጠሩ ከወጣ በኋላ ለሚቀረው መንገዳገድ ደግሞ የሚዛን ልምምድ አለ፤ ዓይንን አንድ ነገር ላይ ተክሎ ጭንቅላትን ቀስ ብሎ ማንቀሳቀስ ዓይነት። መጀመሪያ ላይ ያቅለሸልሻል፣ ግን ይሠራል። ዛሬ ደረጃ ሳልደገፍ እወርዳለሁ። የእንቅስቃሴውን መጠን ግን አንገትሽን ያየ ባለሙያ ይወስንልሽ።

አንድ ነገር ላይ አትጠብቂ፦ ከማዞሩ ጋር ንግግርሽ ከተሳሰረ፣ ነገር ሁለት ሆኖ ከታየሽ፣ ፊትሽ ወይም አንድ ጎንሽ ከደከመ፣ ጨርሶ መቆም ካቃተሽ፣ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል። ስትሮክ ሊሆን ይችላል። ሥር የሰደደ ብግነት ያለብን ሰዎች ለልብና ለደም ሥር በሽታ ይበልጥ ተጋላጭ ነን።

እስቲ አሁን ንገሪኝ፣ ማዞሩ የሚብስብሽ ወደ ቀኝ ስትገላበጪ ነው ወይስ ወደ ግራ? ዛሬ ማታ አስተውይውና ጻፊው። የታመመው ጆሮ የትኛው እንደሆነ ለመገመት ይጠቅማልና ከሚጠይቁሽ ነገር የመጀመሪያው እሱ ነው የሚሆነው።