ከኮምቦልቻ ለጠየቀችን እህት፦ የወረደው ኪሎ እንዳይመለስ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ማታ ካነበብኩት ጀምሮ ከሐሳቤ አልወጣም። እንጀራ እርግፍ አድርገሽ ትተሽ በሦስት ወር 11 ኪሎ ቀነስሽ። ከዚያ ዐረፋ መጣ፣ አማትሽ ቤት ገበታ ቀረበ፣ በላሽ፤ በስድስት ወር ውስጥ 11ዱም ተመልሶ 2 ኪሎ ጨመረበት። «መቀነሱን እችልበታለሁ፣ እንዳይመለስ ማድረጉ ነው ያቃተኝ፤ አማቴን እምቢ ማለት አልችልም፣ ረመዳንም እየደረሰ ነው» ብለሻል።

እኔ የጤና ባለሙያ አይደለሁም። ደሴ ውስጥ ሱቅ ተቀምጬ የምውል፣ አምስት ሰው ያለበት ቤት የማስተዳድር የ42 ዓመት ሴት ነኝ። 89 ኪሎ ደርሼ ነበር። ዛሬ 73 ነኝ፤ ከ72 እስከ 76 ባለው ውስጥ ከፍ ዝቅ ስል አራት ዓመት ሊሞላኝ ነው። ቁመቴ 1 ሜትር ከ60 ስለሆነ ቀጭን አይደለሁም፤ ግን ዳገት ስወጣ ጉልበቴን አያመኝም፣ ደም ግፊቴም ተስተካክሏል።

በመጀመሪያ አብሽሪ። የተመለሰብሽ ሰነፍ ስለሆንሽ አይደለም። ኪሎ ሲወርድ ሰውነት በቀን የሚያወጣው ጉልበትም አብሮ ይወርዳል፤ ረሃብ የሚቀሰቅሰው ሆርሞን ይጨምራል፣ ጥጋብ የሚያሳውቀው ይቀንሳል። ይህ ለሳምንት ብቻ አይደለም፣ ወራት አልፎ ከዓመት በላይም ሊቆይ ይችላል። ሰውነትሽ ድርቅ የገባ ነው የሚመስለው፤ ያገኘውን ሁሉ ሊያስቀምጥ ይታገላል። ስለዚህ ኪሎ ለመቀነስ የምታደርጊው ነገር ያ ሁሉ ረሃብ እያለብሽም ለዓመታት ልታደርጊው የምትችይው መሆን አለበት። እንጀራ አልበላም ብሎ ወሎ ውስጥ ስንት ዓመት መኖር ይቻላል?

እኔም መጀመሪያ ያደረግኩት አንቺ ያደረግሽውን ነው። ያኔ 86 ነበርኩ። ቤተሰቡ ገበታ ከቦ ሲበላ እኔ ማድ ቤት ቆሜ የተቀቀለ እንቁላልና ጎመን እበላ ነበር። በሦስት ወር ከ12 ኪሎ ያላነሰ ቀነስኩ። ትንሿ ልጄ አንድ ማታ መጥታ «እማ፣ ታመሻል እንዴ? ለምን ከእኛ ጋር አትበይም?» ብላ ስትጠይቀኝ መልስ አጣሁላት። የዚያን ቀን ገበታው ላይ ተቀመጥኩ፣ ከዚያ በኋላ ያለውን አንቺው ታውቂዋለሽ። 89 የደረስኩት ያኔ ነው። ቆይቶ የገባኝ፣ ያን ጊዜ የቀየርኩት ራሴን ብቻ ነበር፤ ቤቱ እንደነበረ ነው። ዘይቱም፣ ስኳሩም፣ የወጡ አሠራርም፣ የበዓሉ ትራፊም እንዳለ ነበር። ሰው ከገዛ ቤቱ ጋር ስንት ቀን ይታገላል?

ሁለተኛ ስጀምር ራሴን ትቼ ማድ ቤቱን ማየት ጀመርኩ። በመጀመሪያ ያየሁት ዘይቱን ነው። አዲስ ባለ 5 ሊትር ጄሪካን ስከፍት ቀኑን በእስክሪብቶ ጎኑ ላይ ጻፍኩበት። በ20 ቀን አለቀ። ትልቁ ልጄ ቁጭ ብሎ አሰላው፦ 5 ሊትር ለ20 ቀን፣ ለአምስት ሰው፤ ለአንድ ሰው በቀን 50 ሚሊ ሊትር። ይህ ከሦስት የሾርባ ማንኪያ በላይ ነው፤ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ደግሞ ወደ 120 ካሎሪ አለው። እያንዳንዳችን በየቀኑ 400 ካሎሪ ገደማ በዘይት ብቻ እንወስድ ነበር ማለት ነው፣ ሳናየውና ሳናኝከው። እኔ እንጀራውን ስወቅስ ከርሜ ጄሪካኑን አንድ ቀን አላየሁትም።

አሠራሩን እንዴት እንደቀየርኩት በሽሮ ላሳይሽ። ሽንኩርቱን አድቅቄ ከትፌ ደረቅ ድስት ውስጥ ያለ ዘይት እጨምረዋለሁ። እሳቱን ቀነስ አድርጌ አማስለዋለሁ፤ መጀመሪያ የራሱን ውሃ ያወጣል፣ ውሃው ሲመጠጥ ድስቱን መያዝ ይጀምራል። ያኔ ሙቅ ውሃ ጠብ አደርግለታለሁ፣ ደግሞ ሲይዝ ደግሞ ጠብ። ጥሬ ጥሬ የሚለው ሽታ ጠፍቶ መልኩ ቡናማ ሲሆን ነው ዘይት የሚገባው፣ ያውም በማንኪያ ተለክቶ። ከጄሪካኑ አፍ በቀጥታ ድስት ውስጥ ማንቆርቆር ከቤታችን ቀርቷል። ከዚያ በርበሬው፣ ነጭ ሽንኩርቱ፣ ውሃው፣ ሽሮው። ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ሩብ ሰዓት ገደማ ይጨምርብሻል።

ግን በአንድ ቀን ዘይቱን ግማሽ እንዳታደርጊው። እኔ መጀመሪያ እንደዚያ አድርጌ ባለቤቴ «ዛሬ ወጡ ምን ጎደለው?» አለ፣ ልጆቹም ተነጫነጩ። ከዚያ በየሳምንቱ አንድ ማንኪያ ብቻ መቀነስ ጀመርኩ፣ ለማንም ሳልናገር። በሦስተኛው ወር ማንም ልብ አላለውም። እንዲያውም አሁን ውጭ ሲበሉ «ዘይት በዛበት» የሚሉት እነሱ ናቸው። ዛሬ ያ ጄሪካን 45 ቀን ይቆየናል። በአሁኑ የዘይት ዋጋ ለኪስም ምን ያህል እፎይታ እንደሆነ አንቺም ታውቂዋለሽ።

እንጀራውን አልተውኩትም፤ አንቺም አትተይው። ግን ስንት እንደምበላ አላውቅም ነበር። ከትሪ ላይ አብሮ ሲበላ፣ ሲጨመር፣ ሲታጠፍ ማን ይቆጥራል? አንድ ቀን ምሳ በራሴ ሳህን አውጥቼ ስበላ ሦስት ሆኖ አገኘሁት። አሁን በአንድ ማዕድ አንድ እንጀራ ነው፤ ወጡ ግን ጠንከር ይላል፦ ምስር፣ ክክ፣ ሽሮ፣ ከጎኑ ጎመን በደንብ። ጥራጥሬው ነው የሚያጠግበኝ። ምሳ በራሴ ሳህን እበላለሁ፤ ማታ ከልጆቹ ጋር ከአንድ ትሪ። የማታውን ለምንም ነገር አልሰጠውም፣ መጀመሪያ የጣለኝም ከእሱ መለየቴ ነው። ማታ መሶቡን ገበታው አጠገብ አላስቀምጥም፤ ጭማሪ የፈለገ ተነስቶ ማድ ቤት ይሄዳል። ይህች ትንሽ ነገር ምን ያህል እንደረዳችኝ አትጠይቂኝ።

ቡናውን ደግሞ ስሚኝ። ቤታችን በቀን ሁለት ጊዜ ይፈላል፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ። በስኒ ሁለት ማንኪያ ስኳር ነበር የማደርገው። ስድስት ስኒ፣ አሥራ ሁለት የሻይ ማንኪያ፣ አንዱ 4 ግራም ቢሆን 48 ግራም። የዓለም ጤና ድርጅት በቀን ከ25 ግራም በታች ቢሆን ይመረጣል የሚለውን እኔ በቡና ብቻ እጥፍ ገደማ አደርገው ነበር። ቡናውን ማቆም አላሰብኩም፤ ጎረቤት ጋር የምንገናኘው፣ ዱዓ የምናደርገው፣ የታመመ የምንጠይቀው በእሱ ነው። ስኳሩን በየሁለት ሳምንቱ ግማሽ ማንኪያ እየቀነስኩ መጣሁ። በሁለት ወር ገደማ ባዶውን ጠጣሁ። የቡና ቁርሱን ቆሎ አድርጌዋለሁ፤ እሱም በእፍኝ አይደለም፣ በቡና ስኒ ለክቼ ነው የምይዘው። ቆሎ ጥሩ ነገር ነው፣ ግን ጨዋታ ላይ እጅ ሳያቋርጥ ይዘግናል።

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ፣ ወደ አማትሽ። የእኔ ፈተና እናቴ ነበረች። እናቴ በ1977ቱ ረሃብ እኔን አዝላ ለእርዳታ ስንዴ የተሰለፈች ሴት ናት። ለእሷ የልጅ ፊት መክሳት መልክ ማማር አይደለም፤ ያየችውን ነው የሚያስታውሳት። መጀመሪያ ኪሎ ስቀንስ «ምን ነካሽ ልጄ፣ ፊትሽ እኮ ገባ» እያለች ታለቅስ ነበር። «ጠግቤአለሁ» ስላት አታምነኝም። ሳህኔ ላይ ሳስተርፍ ፊቷ ይለወጣል። እኔ ደግሞ እቆጣ ነበር፣ ዛሬ ሳስበው ያሳዝነኛል። እኛ አገር ብዙ እናቶች «ብዪ» የሚሉት ከዚያ ዘመን ተርፈው ስለሆነ ነው፤ ማንም የክብደት ምክር የሚሰጥ ሰው ይህን ሳያውቅ «ዝም ብለሽ እምቢ በያት» ቢልሽ አትስሚው።

የፈታው ነገር ይህ ነው። አንድ ቀን ብቻዋን ሆና አጠገቧ ተቀመጥኩና ሐኪሙ ስለ ግፊቴና ስለ ጉልበቴ ያለኝን ነገርኳት። ከዚያ «እማ፣ እርጂኝ። ወጡን አንቺ አውጪልኝ፣ እንጀራዬን አንድ አድርጊልኝ፣ ሌላ ስጠይቅሽ ከልክዪኝ» አልኳት። እኔን መጠበቅ የእሷ ሥራ ከሆነ በኋላ ከሐኪሙ ይልቅ የምትቆጣጠረኝ እሷ ሆነች። ጉርሻዋን ግን እምቢ ብዬ አላውቅም። «አንድ ያጣላል» ትለኛለች፤ «እሺ፣ ሁለቱን ትንንሽ አድርጊልኝ» እላታለሁ፣ ታደርግልኛለች። ሳህን ላይም አላስተርፍም፤ መጀመሪያውኑ ጥቂት እንዲወጣልኝ እጠይቃለሁ። ለእነሱ የሚከብደው የሚተርፈው ነው።

አንቺም ከበዓሉ በፊት አማትሽ ቤት ብቻሽን ሂጂ። ገበታ ቀርቦ፣ እንግዳ ተሰብስቦ «አልበላም» ስትያት ታሳፍሪያታለሽ። ቀድመሽ ስታማክሪያት ግን ታከብሪያታለሽ።

የበዓልን ነገር ካነሳን፣ እኛ ወሎ ውስጥ የሁለቱንም ሃይማኖት በዓል ነው የምንበላው። ለእኛ ዒድ፣ ዐረፋና መውሊድ አለ፤ ጎረቤቶቼ ደግሞ ለገናም ለፋሲካም ለእኔ የሚሆነውን ለይተው ይጠሩኛል። ሰርጉን፣ ሰደቃውን፣ ለቅሶውን ጨምሪበት። ከዚህ ሁሉ ሸሽቼ መኖር አልፈልግም። ቁጭ ብዬ ሳስተውል ግን ያወፈረኝ የበዓሉ ቀን አልነበረም፤ ከበዓሉ በኋላ ያለው ሳምንት ነበር። ትራፊው ሥጋ፣ ዳቦው፣ ለስላሳው። ስለዚህ በበዓሉ ቀን ሳልሰስት እበላለሁ፣ የተረፈውን በማግስቱ ጠዋት አካፍዬ እልካለሁ። ከሰዓት በኋላ ቤቴ ሽሮ ነው።

ረመዳንን በተመለከተ ጥብቅ ነገር በዚያ ወር አትጀምሪ። ባለፉት ዓመታት እኔም እየጾምኩ እወፍር ነበር። ምክንያቱ በየማታው የምንጠብሰው ሳምቡሳና ስኳር የበዛበት ጭማቂ ነው። አሁን በቴምርና በውሃ አፈጥራለሁ፣ ሾርባ እጠጣለሁ፣ መግሪብ ሰግጄ ስመለስ ረሃቡ በርዶ አገኘዋለሁ፤ ያኔ ነው እራት። ሳምቡሳ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ እንጠብሳለን፣ ልጆቹ ቀኑን ይጠብቁታል። ሱሑር አትዝለዪ፤ ቅንጬ በወተት ወይም እንቁላል በቂጣ ቀኑን ይይዝልሻል። የስኳር ወይም የግፊት መድኃኒት የምትወስጂ ከሆነ ግን ከጾሙም ሆነ ምግብ ከመቀነስሽ በፊት ሐኪምሽን አነጋግሪ፤ መጠኑ ሊስተካከል ይገባው ይሆናል። ክርስቲያን እህቶቻችንም ይህ ይመለከታቸዋል፦ የሁዳዴ 55 ቀን ሥጋና ቅቤ የለም ብሎ ወጡ በዘይት ከዋኘ ኪሎው አይወርድም፣ ጎረቤቴ ላይ አይቼዋለሁ።

ስለ እንቅስቃሴ ብዙ የምለው የለኝም። ባጃጅ ትቼ ከሱቅ ቤቴ በእግሬ እመለሳለሁ፣ ግማሽ ሰዓት ነው፣ የደሴ ዳገት ደግሞ ለራሱ ስፖርት ነው። በእሱ ብቻ ኪሎ አልቀነስኩም፤ የቀነስኩት እንዳይመለስ ግን የያዘልኝ ይመስለኛል። ቦርጭ ያጠፋል እየተባለ የሚሸጠውን ሻይ አትግዢ። ሦስት ሳምንት ጠጥቼ ያተረፍኩት ተቅማጥ ነው፤ የወረደው ውሃ ነበር፣ ስተወው ተመለሰ።

አንድ ነገር ቀድመሽ እወቂ፣ መሃል ላይ ይቆማል። እኔን 79 ላይ አሥር ሳምንት ያህል አቆመኝ። ያን ጊዜ ሚዛን በየቀኑ እወጣ ነበር፣ ቀኔን ያበላሽብኝ ነበር። አሁን ዓርብ ጠዋት ብቻ፣ ቁርስ ሳልበላ። ቁጥሩ 75 ከሆነ አልደነግጥም፣ ምግብም አልዘልም፤ ሦስት ነገር አያለሁ፦ ዘይቱ ስንት ቀን ቆየ፣ ስኳሩ ተመለሰ ወይ፣ የበዓል ትራፊ ቤት ውስጥ ተቀምጧል ወይ። ሁልጊዜ ከሦስቱ አንዱ ነው። ባለፈው ጥር ሰርግ በሰርግ ሆነን 76 ደርሼ ነበር፤ ወደ 73 ለመመለስ ሁለት ወር ፈጀብኝ፣ ተመለሰ።

አሁን ሁሉንም በአንዴ አትያዥው። እኔ 16 ኪሎውን ለማውረድ ዓመት ከመንፈቅ ነው የፈጀብኝ። የዚህን ሳምንት ሥራሽን ዘይቱ ላይ አድርጊው፤ ምንም አትቀንሺ፣ ዛሬ የከፈትሽበትን ቀን ጄሪካኑ ላይ ጻፊና ሲያልቅ ስንት ቀን እንደቆየ፣ ቤትሽ ውስጥም ስንት ሰው እንዳለ ንገሪኝ፤ ስሌቱን አብረን እንሠራዋለን።