ጠጠሩ ቱቦው ውስጥ ነው፤ ሕመም ግን የለኝም

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 52 ሲሆን የምኖረው በሸዋ ሮቢት ነው። ለሽንት ጉዳይ ደብረ ብርሃን ስመረመር አልትራሳውንዱ የሐሞት ከረጢቴ ጠጠር እንዳለበትና የሐሞት ቱቦዬም እንደ ሰፋ አሳየ፤ አዲስ አበባ የተነሣሁት ኤምአርአይ ደግሞ ቱቦው ውስጥም ጠጠር መኖሩን አረጋገጠ። ሐኪሙ በኢንዶስኮፒ እንዲወጣልኝ መከሩኝ። ነገር ግን ምንም አያመኝም፤ የሐሞት ጠጠር ያለባት እኅቴም «ካላመመሽ አይነካ» ተብላ በሰላም ትኖራለች። እኔስ ለምን አልተውም?

መልስ፦ ለእኅትዎ የተሰጠው ምክር ትክክል ነው፤ ለእርስዎ ግን አይሠራም። ሕመም የማያስከትል የከረጢት ጠጠር ብዙውን ጊዜ ሳያስቸግር ይኖራል። ቱቦው ግን ሐሞት ከጉበት ወደ አንጀት የሚወርድበት መንገድ ነው፤ የቆሽት ቱቦም ከታችኛው ጫፉ ጋር ስለሚገናኝ፣ እዚያ የተወተፈ ጠጠር ዓይንን ቢጫ ሊያደርግ፣ ቆሽትን ሊያስቆጣ፣ የታገደው ሐሞት ሲመረቅዝም ሕይወትን አደጋ ላይ ሊጥል ይችላል። የአውሮፓ የጨጓራና አንጀት ኢንዶስኮፒ ማኅበር በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ፣ ሕክምናውን መቋቋም ለሚችል ሁሉ፣ ሕመም ባይኖረውም እንኳ፣ ጠጠሩን ማስወጣት እንዲቀርብለት የመከረው በዚህ ምክንያት ነው።

ያም ሆኖ ማመንታትዎ ያለ ምክንያት አይደለም። ኢአርሲፒ በሚባለው በዚህ ሕክምና መሣሪያው በአፍ ገብቶ እስከ ትንሹ አንጀት መጀመሪያ ይወርዳል፤ የቱቦው አፍ በጥቂቱ ተከፍቶም ጠጠሩ ይወጣል። ዋነኛው ችግር ከሕክምናው በኋላ የሚመጣ የቆሽት ቁጣ ነው፤ ይህም ቱቧቸው ባልሰፋና ምልክት በሌላቸው ሰዎች ላይ ከፍ ይላል። የእርስዎ ቱቦ መስፋቱ በዚህ ረገድ ይጠቅምዎታል። በእኔ አስተያየት ማስወጣቱ ይሻላል፤ ግን ያለ ጥድፊያ፣ ሥራውን ዘወትር በሚሠራ ባለሙያ እጅ። ቁጣውን የሚቀንሰው በፊንጢጣ የሚሰጥ 100 ሚሊግራም ኢንዶሜታሲን ወይም ዳይክሎፌናክ እንደሚሰጥዎ ይጠይቁ። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ከወሰዱም አስቀድመው ይንገሩ። ቀጠሮው ከራቀ ምርመራው ይደገም፤ ትንንሽ ጠጠሮች በራሳቸው የሚወርዱበት ጊዜ አለ። ጠጠሩ ከወጣ በኋላም ከረጢቱ በቀዶ ሕክምና መውጣት ይኖርበታል፤ አለበለዚያ ሌላ ጠጠር ሊወርድ ይችላል። በጣም ላረጁና ለደከሙ ሰዎች ግን መጠበቅም ተገቢ ምርጫ ሊሆን ይችላል።

ዘይትና ሎሚ ጠጥተው «ጠጠር ወጣልን» የሚሉ ሰዎች አሉ፤ የሚያሳዩት ግን የጠጡት ዘይት ረግቶ የሠራው ሳሙና መሰል ጓል ነው።

ይበልጥ የሚያሳስበኝ የሚኖሩበት አካባቢ ነው። ሸዋ ሮቢት የወባ አገር በመሆኑ፣ የሚያንቀጠቅጥ ትኩሳት ሲመጣ ሁሉም ወባ ነው ይላል፤ ዓይን ቢጫ ሲሆንም የወፍ በሽታ ተብሎ ወደ ባህል ሐኪም ይኬዳል። እርስዎ ብርድ ብርድ የሚል ትኩሳት፣ በቀኝ የጎድን አጥንት ሥር ሕመም፣ የዓይን ቢጫነት ወይም የሽንት መጥቆር ካዩ በዚያው ቀን ሆስፒታል ይሂዱ። የደም ምርመራው ወባ ቢያሳይ እንኳ ቱቦዎ ውስጥ ጠጠር እንዳለ ይንገሯቸው፤ የኤምአርአይውንም ውጤት ይዘው ይቅረቡ።