ግጥሙን ለጊዜው ተወውና ቤዙን ስማ

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ደጋግሜ አነበብኩት። ስለ ሙዚቃ መጻፍ ትፈልጋለህ፤ ኖታ ግን አልተማርክም። የምትወደው ድምፃዊ ደካማ አልበም ሲያወጣ ምን ብለህ እንደምትጽፍ ጨንቆሃል። ሥራው ያበላ እንደሆነም ጠይቀሃል። ከመጨረሻው ልጀምር። አያበላም። እኔ የኖርኩት በመምህርነት ደሞዝ ነው፤ የምጽፈው ማታ ማታ፣ የድሬዳዋ ሙቀት በረድ ሲል ነበር።

ስለ ኖታው ግን ብዙ የምለው አለኝ።

አሜሪካ ውስጥ ፖል ዊልያምስ የሚባል ልጅ እ.ኤ.አ. በ1966 «ክሮዳዲ» የተባለውን የሮክ መጽሔት ሲጀምር ገና የ17 ዓመት የኮሌጅ ተማሪ ነበር። ሮሊንግ ስቶን መጽሔት የመጣው በዓመቱ ነው። ሮበርት ክሪስጋው ደግሞ ከ1969 ጀምሮ ለአልበሞች ኤ፣ ቢ፣ ሲ እያለ ውጤት እየሰጠ፣ በአጭር በአጭሩ ለአሥርት ዓመታት ጻፈ። ማንም ዲፕሎማ አልጠየቃቸውም። በደንብ ይሰሙ ነበር፤ የሰሙትንም በቁም ነገር ይጽፉ ነበር።

እኛ ጋ ያለው ችግር ሌላ ነው። በ1985 ዓ.ም. የፕሬስ አዋጁ ወጥቶ ጋዜጣና መጽሔት እንደ አሸን ሲፈላ እኔም መጻፍ ጀመርኩ። ያኔ ስለ ዘፈን የተጻፈውን ዛሬ አውጥተህ ብታነበው አብዛኛው የግጥም ትንታኔ ነው። ስንኙ ይገለበጣል፣ ሰምና ወርቁ ይፈታል፣ ዘፋኟ ማንን ወጋችው ይባላል፣ አለቀ። ቤዙን፣ ያን ወፍራም ድምፅ ያለውን ጊታር፣ ማን ተጫወተው? ቅንብሩ የማን ነው? ድራሙን የመታው ሰው ነው ማሽን? አንድ ቃል የለም። ግጥም እንደምንወድ አውቃለሁ፤ እኔም እወዳለሁ። ግን ነገሩ ግጥም ብቻ ቢሆን ኖሮ ካሴት ምን አስገዛን? መጽሐፍ ይበቃን ነበር።

የድሬ ልጅ እዚህ ላይ ዕድለኛ ነው። ከመጋላ እስከ ከዚራ በእግርህ ስትሄድ ኦሮምኛ፣ ሶማልኛ፣ አማርኛ፣ ሐረሪኛና ዓረብኛ ዘፈን ትሰማለህ። ሁሉንም ቋንቋ እኩል የሚያውቅ ጥቂት ነው። ቃሉ ሲያመልጥህ ደግሞ ጆሮህ ሌላ ነገር መያዝ ይጀምራል። መጋላ አንድ ካሴት ቤት ነበር፤ አዲስ ካሴት ሲመጣ ባለቤቱ ድምፁን ከፍ አድርጎ ይለቀዋል። ጫታቸውን ታቅፈው ወደ በርጫ፣ ወደ ጫት መቃሚያው፣ የሚጣደፉ ሰዎች እንኳ ቆም ይላሉ። አንድ ቀን ሶማልኛ የማይሰማ ጋሪ ነጂ ፈረሱን አቁሞ «አቦ፣ እቺን ኡድ ትንሽ ወደ ኋላ መልሳት!» ሲል ሰማሁ፤ ኡድ እንደ ጊታር በክር የሚመታ መሣሪያ ነው። ባለቤቱ መለሰለት፤ ሰውየው ያቺን ቦታ ብቻ ሰምቶ ሄደ። ከዚያ በኋላ በጻፍኩት ሁሉ «እቺን» የሚባለውን ቦታ ስፈልግ ኖሬአለሁ።

ስለዚህ ኖታ ማንበቡ ይቆይህ። አራቱን የዜማችንን ቅኝቶች ግን በጆሮህ ለያቸው፤ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺ ሆዬ። ኪቦርድ ያለው ጓደኛ ፈልግና ዶ ሬ ሚ ሶል ላ እንዲመታልህ ንገረው። ትዝታ ሜጀር እሱ ነው። ቀጥሎ ሚንና ላን ብቻ ግማሽ ድምፅ ዝቅ ያድርጋቸው፤ ትዝታ ማይነር ሆነልህ። ሁለት ድምፅ ብቻ ነው የተነካው፤ ስሜቱ ግን ሌላ ነው። ይህን አንዴ ከለየህ «ዜማው ያሳዝናል» ብለህ አታልፍም። የቱ ጋ እንደሚያሳዝን ትጽፋለህ።

ከዚያ ቤዙን ስማ። ሮሃ ባንድ ያጀበውን ማንኛውንም ሥራ ክፈትና ድምፃዊውን ለጊዜው እርሳው፤ ቤዝ ተጫዋቹን ጆቫኒ ሪኮን ብቻ ተከተል። ችክችካውን፣ የዘፈኑን ምት፣ ከሥር ማን እንደሚሸከመው ይገባሃል። ሲበቃህ ወደ ሰላም ስዩም ጊታር ተሻገር። አንድ ዘፈን በዚህ መንገድ አንድ ምሽት ይፈጃል። ይፍጅ።

ስማቸውን የምጠራልህ በምክንያት ነው። አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. ከ1969 ጀምሮ ሸክላ ሲያሳትም፣ በነዚያ ትንንሽ ሸክላዎች ላይ የድምፃዊው ስም በጉልህ አለ። እያንዳንዱ ተጫዋች ግን ብዙ ጊዜ ስሙ የለም። ከዓመታት በኋላ ብዙዎቹን አጠያይቆ በሥርዓት የጻፈልን ፍራንሲስ ፋልሴቶ የሚባል ፈረንሳዊ ነው፤ «ኢትዮፒክስ» በሚለው ተከታታይ ሲዲ። ሰውየው ይመስገን። እኔን ግን ያንገበግበኛል። ተጫዋቾቹ እዚሁ አጠገባችን ነበሩ።

የራሳችንን አሊ ቢራን ውሰድ። በጥቅምት 2015 ሲያርፍ የተጻፈለትን ያገኘሁትን ሁሉ አነበብኩ። ስለ አፍረን ቀሎ የሙዚቃ ቡድን ተጻፈ፤ በኦሮምኛ መዝፈን ዋጋ በሚያስከፍልበት ዘመን ስለ ዘፈኑት የድሬ ወጣቶች ተጻፈ። ይገባቸዋል፤ ሲያንስ ነው። ግን ኡዱን እንዴት እንደሚጫወት ያነሳ ጽሑፍ ፈልጌ አጣሁ። ስንኙን ጨርሶ ዝም ሲል ኡዱ የሚመልስለትን ስማ። አይቸኩልም። ድምፁ ያቆመበትን ቦታ ይይዝና ትንሽ ጎትቶ ያስረክበዋል። ስለዚህ ብቻ ሁለት ገጽ መጻፍ ይቻላል።

አሁን ወደሚያስጨንቅህ ጉዳይ። የምትወደው ሰው ደካማ አልበም ሲያወጣ ጻፈው፤ ግን የዘፈኑን ስምና የሰማኸውን ነገር ጥቀስ፤ ከራሱ ከቀድሞ ሥራው ጋር አስተያየው። እኔ አንድ ጊዜ አንድ አልበም ላይ ያው የድራም ማሽን ምት ከዘፈን ዘፈን ይደጋገማል ብዬ ጽፌ ነበር። የድምፃዊው ሰዎች ተቆጡ። አቀናባሪው ግን ራሱ ደወለና «የትኞቹ ላይ?» አለኝ። ነገርኩት። ረጅም ሰዓት አወራን፤ ስቱዲዮው ለስንት ቀን እንደተከፈለለትም የሰማሁት ያኔ ነው። «አልበሙ ወርዷል» ብቻ ብዬ ቢሆን ኖሮ ያ ስልክ አይደወልም ነበር። ደግሞ ፕሮሞተር ምሳ ልጋብዝህ ሲልህ ጽሑፉ ከወጣ በኋላ ይሁን በለው።

ከየት ልጀምር ካልክ ከሠርግ ጀምር። ድሬ ውስጥ ዕድሜያቸውን በሙሉ ሠርግ ላይ ኡድና ኪቦርድ ሲጫወቱ የኖሩ ሰዎች ዛሬም አሉ። ስልክህ መቅጃ አለው። ከማን ጋር እንደተጫወቱ፣ የት፣ በምን መሣሪያ፣ ዘፈኑን ከማን እንደተማሩ ጠይቃቸው፤ ስማቸውን ከነአባታቸው ጻፍ። ጠዋት ሂድ፤ ከሰዓት በርጫው ላይ ሰው ስለሚበዛ ቅጂው አይጠራልህም።