መልስ፦ መስመሩ ከጠፋ በኋላ ግራውንድ ማድረግ ለምን ያስፈልጋል?

ውድ ጠያቂ፣ አዳማ ውስጥ በመስመር ሠራተኛነት የተቀጠረው ወንድምዎ «መብራት ከጠፋ ግራውንድ ማድረግ (የመስመሩን ሽቦዎች ከመሬት ጋር ማያያዝ) ጊዜ ማባከን ነው» ማለቱ ልክ መሆን አለመሆኑን ጠይቀዋል። ልክ አይደለም።

መስመሩ መጥፋቱ ኃይል ከአንድ ወገን እንዳይመጣ ይከለክላል እንጂ ከሌላው ወገን ላለመምጣቱ ዋስትና አይሆንም። አዳማ ላይ መብራት በሄደ በደቂቃዎች ውስጥ የሱቁና የሆቴሉ ጄኔሬተር ሁሉ መጮህ እንደሚጀምር ያውቃሉ። ከእነዚህ አንዱ ያለ መቀያየሪያ (ቤቱን ከመስመሩ ለይቶ ወደ ጄኔሬተር የሚያዞር ማብሪያ)፣ በቀጥታ ከግድግዳ ሶኬት ጋር ከተገናኘ (ይህን የሚያደርግ ሰው ብዙ ነው)፣ 220 ቮልቱ በቆጣሪው በኩል ወደ ኋላ ተመልሶ ትራንስፎርመሩ ጋ ይደርሳል፤ ትራንስፎርመር ደግሞ አቅጣጫ ስለማይመርጥ፣ ከ15,000 ቮልት ዝቅ የሚያደርገውን ኃይል በተቃራኒው በሺህዎች ወደሚቆጠር ቮልት ከፍ አድርጎ ጠፍቷል ወደተባለው መስመር ሊልከው ይችላል።

ስለዚህ መስመሩ ኃይል መኖር አለመኖሩን በሚያሳይ መፈተሻ ይመረመራል፤ መፈተሻው ራሱም ከምርመራው በፊትና በኋላ እንደሚሠራ ይረጋገጣል። ከዚያም ሠራተኛው ከሚሠራበት ቦታ ግራና ቀኝ ሦስቱም ሽቦዎች እርስ በርስና ከመሬት ጋር ይያያዛሉ፤ ኃይል ተመልሶ ቢመጣ በሠራተኛው ሳይሆን በማያያዣው በኩል እንዲያልፍ ነው። የማያያዣው የመሬት ጫፍ ቀድሞ ይታሰራል፣ ሲነሣ ግን መጨረሻ ይፈታል፤ ይህ ቅደም ተከተል ከተገለበጠ መከላከያው ራሱ አደጋ ይሆናል።

የጎማ ጓንቱንም ከመልበሱ በፊት ከአንጓው ጠቅልሎ አየር ያሲዘውና ጉንጩ አጠገብ አድርጎ ያዳምጠው፤ ትንፋሽ ከወጣ ይጣል። ምትኩን ማቅረብ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የአሠሪው ግዴታ ነው።