ያሰለጠኑኝን ሴት ለሽልማት ልጠቁም?

ጥያቄ፦ የምኖረው ሜሪላንድ ነው። በቅርቡ የኢኢጂ (የአንጎልን የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ የሚመዘግብ ምርመራ) ቴክኖሎጂስትነት ፈተናዬን አልፌያለሁ። ሆስፒታል ለልምምድ ስወጣ ያሰለጠኑኝ ሴት ባለውለታዬ ናቸው። ሹሩባ የተሠሩ ታካሚ ሲመጡ፣ ሹሩባው ሳይፈታ ኤሌክትሮድ (ጭንቅላት ላይ የሚለጠፈው ትንሽ መቀበያ) እንዴት እንደሚለጠፍ ያሳዩኝ እሳቸው ናቸው። የሙያ ማኅበሩ ለምርጥ አሰልጣኞች ሽልማት ጥቆማ ይቀበላል አሉኝ። ልጽፍ አስቤ ፈራሁ። ሥራ እየፈለግኩ ስለሆነ ማጎብደድ እንዳይመስልብኝ።

መልስ፦ እህቴ፣ ጻፊ።

ፍርሃትሽ ይገባኛል። እኛ ዘንድ አለቃን የሚያመሰግን ሰው ቶሎ ይጠረጠራል። ግን ማጎብደድ የሚመስለው ባዶ ውዳሴ ነው። «ደግ ናቸው፣ ጎበዝ ናቸው» ብቻ ካልሽ ዳኞቹ የሚይዙት ነገር አያገኙም። ያየሽውን ከጻፍሽ ግን ምስክር ሆንሽ ማለት ነው።

የሹሩባውን ነገር በአንድ መስመር አልፈሽዋል። እኔ ብሆን ደብዳቤውን የምጀምረው በሱ ነው። እንደምታውቂው ጭንቅላቱ በሁለቱ ዐይኖች መካከል ካለው የአፍንጫ መነሻ እስከ ማጅራት በላይ ካለው ጉብታ ድረስ ይለካል፤ ኤሌክትሮድ የሚለጠፍባቸው ነጥቦችም በ10 እና በ20 በመቶ ርቀት ይከፈላሉ። ኤሌክትሮዱ ቆዳ ካልነካ ቅጂው ይበላሻል። ነጥቡ ጉንጉኑ ሥር ከዋለ ትንሽ ማሸሽ ግድ ነው። ያኔ በሌላው ጎን ያለውንም በዚያው ልክ ማሸሽና መመዝገብ ያስፈልጋል። አለዚያ ግራና ቀኙ የተለያየ መስሎ ሐኪሙን ያሳስታል። ይህን በትዕግሥት ያስተማረ ሰው ታካሚዋን «ፀጉርሽን ፈተሽ ሌላ ቀን ነይ» ከመባል አድኗል። በኛ ፀጉር የመጣ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቀዋል! ዳኞቹም የሙያው ሰዎች ስለሆኑ ወዲያው ይገባቸዋል።

ሌላ አንድ ቀን ደግሞ አስታውሺ። ማስቲካ ማኘክ፣ ዐይን ማርገብገብ፣ የላላ ኤሌክትሮድ፣ ሁሉም ኢኢጂው በሚያወጣው መስመር ላይ ይታያሉ። ጀማሪ የሚጥል በሽታ ምልክት መስሎት ይደነግጣል። አንቺ ስትደነግጪ እሳቸው ምን አደረጉ? መልሱን ነገሩሽ ወይስ ራስሽ እስክታገኚው ጠበቁሽ? የጥሩ አስተማሪ ልዩነት የሚታየው እዚህ ላይ ነው። ደግሞ አብዛኞቹ አሰልጣኞች የሚያስተምሩት የራሳቸውን ታካሚ እየሠሩ ነው። እሳቸውም እንደዚያ ከሆኑ ይህንንም ጻፊው።

ስለ ሥራው ልንገርሽ። ያመለከትሽበት ቦታ ላይ ቀጣሪዋ እሳቸው ከሆኑ፣ ውሳኔው እስኪታወቅ ቆዪ። ካልሆኑ «ያሰለጠኑኝ እሳቸው ናቸው» ብለሽ በግልጽ ጻፊና ጨርሺ። የሚደበቅ ነገር የለውም።

ቅጹን ቀድመሽ አንብቢ፤ ማን መጠቆም እንደሚችልና የመጨረሻው ቀን መቼ እንደሆነ እዚያ አለ። እሳቸውንም አስፈቅጂ፣ የሥራ ታሪካቸው ያስፈልግሻል። አብራሽ የሠለጠነች ልጅ ካለች የድጋፍ ደብዳቤ ትጻፍልሽ። ሽልማቱ ባይመጣ እንኳ ያንኑ ደብዳቤ ለክፍል ኃላፊያቸው ላኪው። የሥራ ግምገማ ሲደርስ ይጠቅማቸዋል።

እንግሊዝኛው አላላውስ ካለሽ ስልክሽን ክፈቺና የዚያን ቀን ታሪክ ለእናትሽ እንደምታወሪ አድርገሽ በአማርኛ ቅጂው። ከዚያ ቁጭ ብለሽ ወደ እንግሊዝኛ መልሺው።