ጊታሩ አልተበላሸም፤ ደርቋል

እህታችን፣ ከአዲስ አበባ ይዘውት የሄዱት ጊታር ሚኒያፖሊስ ከገባ በኋላ በጥር ወር ድምፁ እንደሳሳ፣ ወፍራሞቹ ክሮች ሲመቱ ዝዝ እንደሚሉና የፍሬቶቹ (አንገቱ ላይ በአግድም የተተከሉት ቀጫጭን ብረቶች) ጫፎች እጅዎን መቧጨር እንደጀመሩ ገልጸው፣ ብሪጁ (ክሮቹ ፊቱ ላይ የሚታሰሩበት እንጨት) ላይ ያለው፣ ክሮቹ የሚያርፉበት አጥንት ከፍ ባለ ይቀየር ወይስ ሌላ ጊታር ልግዛ ሲሉ ጠይቀዋል። አዲስ አበባ ሳለሁም ሆነ አሁን በምኖርበት በዋሽንግተን አካባቢ ጊታር እየተጫወትኩ፣ የጓደኞቼንም እያስተካከልኩ ለብዙ ዓመታት ስለቆየሁ፣ የገለጿቸው ሦስት ምልክቶች በየዓመቱ በብርዱ ወራት አብረው ሲመጡ አያቸዋለሁ። የሦስቱም መነሻ የእንጨቱ መድረቅ ነው። ስለዚህ የቤትዎ እርጥበት ሳይለካ ማንም ሰው ጊታሩን እንዲፍቅ ወይም አጥንቱን እንዲቀይር አይፍቀዱ።

ውጭው በረዶ ለብሶ ቤት ውስጥ እንዴት ድርቀት ይኖራል የሚል ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይነሣል። ቀዝቃዛ አየር መያዝ የሚችለው የውኃ ተን በጣም ጥቂት ነው። አንጻራዊ እርጥበት የሚባለው አየሩ በዚያ ሙቀት ሊይዝ ከሚችለው ተን ምን ያህሉን እንደያዘ የሚያሳየው መጠን ነው። 0 ዲግሪ ላይ 80 በመቶ አንጻራዊ እርጥበት ያለው አየር ቤት ገብቶ 20 ዲግሪ ሲሞቅ፣ የያዘው ውኃ ምንም ሳይቀንስ አንጻራዊ እርጥበቱ ወደ 20 በመቶ ገደማ ይወርዳል፤ ውጭው ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ከሆነ ደግሞ ወደ 10 በመቶ ይጠጋል። ለአኩስቲክ ጊታር በአብዛኛው የሚመከረው ግን ከ45 እስከ 55 በመቶ ነው። ከንፈርዎ የሚሰነጠቅበትና የበር እጀታ ሲነኩ ኤሌክትሪክ የሚቆነጥጥዎት አየር ጊታሩ ያለበት አየር ነው። በአዲስ አበባም ከጥቅምት እስከ ጥር ቀን ቀን አየሩ ይደርቃል፤ ነገር ግን ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ አንጻራዊው እርጥበት መልሶ ከፍ ስለሚልና በየቤቱ ቀንና ሌሊት የሚሠራ ማሞቂያ ስለሌለ፣ እንጨቱ ሚኒያፖሊስ ውስጥ እንደሚደርስበት ያለ የወራት ድርቀት አይገጥመውም።

በማሲንቆና በከበሮ ላደግን ሰዎች ነገሩ ግራ ያጋባል። የማሲንቆ ቆዳ በዝናቡ ወራት እርጥበት ሲነካው ይላላል፣ ድምፁም ይታፈናል፤ እሳት ሲሞቅ ወይም ፀሐይ ሲያገኝ ይወጠርና ይጠራል። ከዚህ ልማድ ተነሥቶ እርጥበትን ሁልጊዜ የድምፅ ጠላት፣ ሙቀትን ደግሞ መድኃኒት አድርጎ ማየት ይቀላል፤ ጊታርን ማሞቂያ አጠገብ የሚያቆም ሰውም አጋጥሞኛል። የጊታር ፊት ግን 3 ሚሊሜትር ገደማ ውፍረት ያለው፣ ብዙ ጊዜ ከስፕሩስ ወይም ከሲዳር የሚሠራ ስስ ጣውላ ሲሆን፣ ከ70 ኪሎ በላይ የሚደርስ የብረት ክር ውጥረት ተሸክሞ ይኖራል። እንጨት እርጥበት ሲወስድም ሲያጣም የሚሰፋውና የሚጠበው በጎኑ ነው፤ በርዝመቱ ያለው ለውጥ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ከውስጥ በኩል በአግድም የተጣበቁት ድጋፎች ፊቱ እንደልቡ እንዲሰፋ ስለማይፈቅዱለት፣ በእርጥበት ጊዜ ወደ ላይ ያብጣል፣ በድርቀት ጊዜ ወደ ውስጥ ይሰምጣል። ሲሰምጥ ብሪጁ አብሮ ይወርድና ክሮቹ ፍሬቶቹን ይነካሉ፤ ዝዝታው የሚመጣው ከዚህ ነው። ፍሬቶቹ የተተከሉበት ጣውላም በስፋቱ ሲጠብ ብረቱ ስለማይጠብ የፍሬቶቹ ጫፎች ይወጣሉ።

ድምፁን በተመለከተ፣ እርጥበት የጠጣ ጊታር ይከብዳል፤ ንዝረቱ ቶሎ ይሞታል፣ ወፍራሞቹ ክሮች ታፍነው ይሰማሉ፣ ክሮቹም ከጣውላው ርቀው ጣት ያደክማሉ። መድረቅ የጀመረ ጊታር ግን አሳሳች ነው፤ እንጨቱ ስለሚቀል ለጥቂት ሳምንታት ከቀድሞው የበለጠ ብሩህና ፈጣን ድምፅ ይሰጣል። ባለቤቱም «ጊታሬ ተከፈተ» ብሎ ይደሰታል። እርስዎ የገለጹት ሳሳ ያለና መሠረት የሌለው ድምፅ ከዚያ ቀጥሎ ያለው ደረጃ ነው፤ ከእርሱ በኋላ የሚመጣው ስንጥቅ ስለሆነ አሁን መጠየቅዎ ጥሩ ነው። ፊቱ ከኮምፔርሳቶ የተሠራ ጊታር ለስንጥቅ ብዙም አይጋለጥም፤ አንገቱና የፍሬቶቹ ጣውላ ግን እንደማንኛውም እንጨት ይደርቃሉ።

ለማረጋገጥ ቀጥ ያለ ማስመሪያ ከብሪጁ በስተኋላ በፊቱ ላይ አግድም ያስቀምጡ። ጤነኛ ፊት መኻሉ ትንሽ ከፍ ስለሚል ማስመሪያው ወዲያና ወዲህ ይወዛወዛል። ብርሃን የሚታየው ከመኻል በታች ከሆነ ግን ፊቱ ሰምጧል ማለት ነው። ቀጥሎ ርካሽ የሆነ የእርጥበት መለኪያ ይግዙ፤ ነገር ግን ሳይፈትሹ አይመኑት። በጠርሙስ ክዳን የገበታ ጨው አድርገው በጥቂት ውኃ ሊጥ እስኪመስል ያርጥቡት፣ ከመለኪያው ጋር አየር በማያስገባ ላስቲክ ውስጥ ዘግተው ያሳድሩት። ጠዋት 75 ማንበብ አለበት፤ 70 ካነበበ ሁልጊዜ 5 ይጨምሩበት።

ከዚያ በኋላ ጊታሩ በማይጫወቱበት ሰዓት ሁሉ ኬዙ ውስጥ ተዘግቶ ይቀመጥ፤ ግድግዳ ላይ መስቀሉ ለብርዱ ወራት አይሆንም። እንደ ቦቬዳ ያሉት፣ ሲደርቅ እርጥበት የሚሰጡና ሲበዛ መልሰው የሚወስዱ ከረጢቶች ይመቻሉ። እነርሱ ካልተገኙ በተበሳ የሳሙና ማስቀመጫ ውስጥ በደንብ የተጨመቀ ስፖንጅ ይሠራል፤ ጠብታ እንጨቱ ላይ እንዳይወርድ ብቻ ይጠንቀቁ። ከውጭ ብርድ ሲገቡ ደግሞ ኬዙን ወዲያው አይክፈቱ፤ ቀዝቃዛ ጊታር ድንገት ሙቀት ሲያገኝ ቫርኒሹ ይሰነጣጠቃል።

ዱባይና ጅቡቲ ያላችሁ አባላት ችግራችሁ በአብዛኛው የተገላቢጦሽ ነው። ውጭው እርጥብና ሞቃት፣ ኤሲ ያለበት ክፍል ደግሞ ደረቅ ስለሆነ፣ ጊታሩ በሁለቱ መካከል ሲመላለስ ከመዋል ይልቅ አንድ ቦታ ቢቀመጥ ይሻላል። የቆመ መኪና ውስጥ ፈጽሞ አትተዉት፤ ሙቀቱ ብሪጁን የያዘውን ኮላ ያላላዋል።

የሰመጠ ፊት የሚመለሰው በሳምንታት ነው፣ ስለዚህ በውኃ ብዛት ለማፋጠን አይሞክሩ። እርጥበቱ 45 ደርሶ ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት ከቆየ በኋላም ዝዝታው ካልጠፋ፣ ያን ጊዜ አንገቱ ውስጥ ያለው፣ በመፍቻ የሚዞረው ማስተካከያ ብረት ሩብ ዙር ያህል ይስተካከል፤ አጥንቱን የመቀየር ነገር የሚታሰበው ከዚያ በኋላ ነው። አሁን አጥንቱን ከፍ ካደረጉት ፊቱ ብርዱ ካለፈ በኋላ ሲመለስ ክሮቹ ከመጠን በላይ ይርቃሉ። እስከዚያው ድረስ ፊቱ ላይ ቀጭን መስመር ካዩ ሱፐር ግሉ ሳያፈሱበት ወደ ጠጋኝ ይውሰዱት፤ ንጹሕ ስንጥቅ እንጨቱ እርጥበቱን ሲያገኝ ራሱ ይገጥማል፣ በኮላ የተሞላ ግን አይገጥምም።